በወረርሽኝ ጊዜ ሐኪምን በአካል ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልክ ትደውላላችሁ። መስመሩ ተይዟል። ደግማችሁ ትሞክራላችሁ። በስንት ጊዜው አንድ ሰው ያነሳና «ለጊዜው በአካል አናይም፤ ዶክተሩ ይደውልልዎታል» ይላል። መቼ? አይታወቅም። በኮቪድ ጊዜ ይህ ያልገጠመው ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን «በቃ ተዘግቷል» ብለን ስልኩን ዘጋን። በሩ ግን ጠቦ ነበር እንጂ ጨርሶ አልተዘጋም። በጠባቡ በር ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወሰነው ደግሞ በአብዛኛው ስልክ ላይ በተባለው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይዞራሉ።

ሕንጻው ክፍት ነው፣ ሐኪሞቹም አሉ። ታዲያ ቀጠሮ የለም የሚባለው ለምንድን ነው?

«ሥራ ጠልተው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ብያለሁ። እስቲ መጀመሪያ የመጠበቂያ ክፍሉን አስቡት። በደህናው ጊዜ ሠላሳ ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ርቀት ይጠበቅ ሲባል አሥር ሰው ቢይዝ ነው። ሐኪሙ ያው አንድ ሐኪም ነው። ግን አንዱ ታካሚ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ክፍሉ ይናፈሳል፣ አልጋው ይወለወላል፣ ጓንቱ ይቀየራል። በሰዓት ስድስት ሰው ያይ የነበረው ሦስት ካየ ጥሩ ሠርቷል።

ከዚያ የሰው እጥረት ይመጣል። ነርሷ ራሷ ትታመማለች። ወይም ቤቷ የታመመ ሰው ስላለ ኳራንቲን ትገባለች። ከቀሩት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይላካሉ። በኮቪድ ጊዜ የቆዳ ሐኪሞች ሳይቀሩ ኦክሲጅን የሚሰጥበት ክፍል ገብተው ሲያግዙ ነበር። ማስክና ጋውን ሲያጥር ያለው ለከባዶቹ ሕሙማን ይቆጠባል። «ነገ ቢታይም ምንም አይሆንም» የተባለ ሕመም ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋል።

የአንድ አገር ጣጣም አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባደረገው ዳሰሳ 105 አገሮች መልስ ሰጥተዋል። ከመቶ 90 ያህሉ መደበኛ የጤና አገልግሎታቸው ተስተጓጉሏል ብለዋል። በጣም ከተጎዱት መካከል ክትባት፣ የስኳርና የግፊት ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የአእምሮ ሕክምናና የካንሰር ሕክምና ይገኙበታል። ሀብታም አገርም ድሃ አገርም ከዚህ አላመለጠም።

ኮቪድ አልፏል። ይህን አሁን ማወቅ ምን ይጠቅመኛል?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ወረርሽኝ ነው ያለው መጋቢት 2020 ላይ ነው። ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ አብቅቷል ያለው ደግሞ ግንቦት 2023 ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ድረስ ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ተመሳሳይ ነገር አሳይቶናል። ሰው ሆስፒታልን ፈርቶ ቀረ። እናቶች ቤት ወለዱ። ወባና ኩፍኝ ሳይታከሙ ቀሩ። ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ሲመጣ ግን የቀጠሮው ወረፋ አብሮት ይመጣል።

ስልክ ላይ ምን ብዬ ልናገር?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ስልኩን የሚያነሳው ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም አይደለም። ከፊቱ ዝርዝር አለ፤ ማን ዛሬ፣ ማን ነገ፣ ማን በስልክ እንደሚታይ እየለየ ነው። እናንተን አያያችሁም። ፊታችሁ መገርጣቱን፣ ደረጃ ስትወጡ ማለክለካችሁን አያውቅም። ያለው የምትነግሩት ቃል ብቻ ነው። «አሞኛል፣ ዶክተር ማየት እፈልጋለሁ» ካላችሁት ከሌሎች መቶ ሰዎች ጋር ትመሳሰላላችሁ።

አሁን ይህንን ስሙ፦ «ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዴን በቀኝ በኩል፣ ከታች ያመኛል። ማታ ቀላል ነበር፣ አሁን ቀጥ ብዬ መሄድ አቅቶኛል። ሁለት ጊዜ አስመልሶኛል። ስኳር አለብኝ።» አራት አጫጭር አረፍተ ነገሮች ናቸው። ይህን የሰማ ሰው ቀጠሮ ፍለጋ መዝገብ አያገላብጥም፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ ይላችኋል።

ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ምኑን ነው የሚያማችሁ? ከመቼ ጀምሮ? እየባሰ ነው ወይስ እዚያው ላይ ነው? ሌላ ምን በሽታ አለባችሁ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ? እርግዝና አለ? ሁሉም ይጠቅማል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ሰዎች የሚዘሉት ነው፦ ባለፈው ሳምንት ታደርጉት የነበረ፣ አሁን ያቃታችሁ ነገር ምንድን ነው? «ትንፋሽ ያጥረኛል» ከማለት ይልቅ «ከአልጋ ተነስቼ ሽንት ቤት ድረስ ስሄድ መሃል ላይ ቆሜ አርፋለሁ» የሚለው ለጆሮ ይቀርባል።

አንድ ልማዳችን ደግሞ አለ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እንላለን። በአካል ሲሆን ግድ የለም፤ ሐኪሙ ዓይኑ አለ። ስልክ ላይ ግን «ደህና ነኝ» ያለ ሰው እንደ ደህና ሊመዘገብ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ለካ ለዚህም ይሠራል።

ማጋነንስ? አታጋንኑ። ደረቴን ወጋኝ ብሎ ቀጠሮ ያገኘ ሰው፣ የመጣው ለጉልበቱ መሆኑ ሲታወቅ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው ያጣል። ደግሞ የሌላውን ቦታ ወስዷል።

በስልክ ወይም በቪዲዮ መታየት በቂ ነው?

ለአንዳንዱ በቂ ነው፣ ለአንዳንዱ ቀልድ ነው። የላብራቶሪ ውጤት ለመስማት፣ የለመዳችሁትን መድኃኒት ለማስቀጠል፣ ለአእምሮ ጤና ምክር፣ ለመለስተኛ ጉንፋን ስልክ ጥሩ ይሠራል። እንዲያውም መንገድና ወረፋ ያስቀራል። የቆዳ ሽፍታ ጥሩ ፎቶ ካለ ብዙ ጊዜ ይለያል። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሱ። አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ከራቅ አድርጉ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው።

ሆድ ግን በስልክ አይዳሰስም። ሳንባም በስልክ አይደመጥም። ጡት ላይ ያገኛችሁት እብጠት፣ ያልተለመደ ደም መፍሰስ፣ የጆሮ ወይም የዓይን ሕመም፣ ያለምክንያት የቀነሰ ክብደት፤ እነዚህ እጅና ዓይን ይፈልጋሉ። ለእነዚህ በስልክ ብቻ መልስ ከተሰጣችሁ «በአካል መታየት እፈልጋለሁ» ብሎ መጠየቅ ጭቅጭቅ አይደለም።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ክሊኒኩ መልሶ ሲደውል ብዙ ጊዜ በማታውቁት ወይም በተደበቀ ቁጥር ነው። ሳታነሱ ብትቀሩ ተራችሁ አለፈ። በዚያ ቀን የማታውቁትን ቁጥር ሁሉ አንሱ። መድኃኒቶቻችሁን ፊታችሁ አስቀምጡ። ቴርሞሜትርና የግፊት መለኪያ ካለ ቀድማችሁ ለክታችሁ ጠብቁ።

ዶክተሩ «በስልክ ይበቃል» አለኝ፤ ልቤ ግን አላረፈም። ምን ላድርግ?

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፦ «ምን ምልክት ባይ ነው በአካል መምጣት ያለብኝ?» ሁለተኛ፦ «እስከ መቼ ካልተሻለኝ መልሼ ልደውል?» ጥሩ ሐኪም ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል። ያልነገራችሁ ከሆነ ጥያቄው ራሱ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ለዚያው ሕመም እንደገና ስትደውሉ ደግሞ በዚያው ጀምሩ፦ «ለዚሁ ጉዳይ ስደውል ሦስተኛዬ ነው፤ አልተሻለኝም።» ያነሳው ሰው ያለፈውን ላያውቅ ይችላል። ያልዳነ ሕመም ተመላልሶ መምጣቱ ለሐኪም ትልቅ ምልክት ነው፤ ካልተነገረው ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ቀጠሮ መጠበቅ የሌለባቸው ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

ደረትን የሚጫን ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ። አረፍተ ነገር እስከ መጨረስ የማያደርስ የትንፋሽ እጥረት። ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም፣ አንድ እጅ አልነሳ ሲል፣ አንደበት ሲተሳሰር። ያልቆመ ደም። ራስን መሳት። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ የሚጥል በሽታ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲያተኩስ። ራስን የማጥፋት ሐሳብም እዚህ ውስጥ ነው፤ ሰው ይህንን ከሕመም አይቆጥረውም እንጂ። ለእነዚህ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ወረርሽኝ ቢኖርም ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ለምን ይህን ያህል አጠበቅኩት? በስትሮክ ጊዜ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። «ሆስፒታሉን ኮቪድ ሞልቶታል፣ እስኪ ነገ ይሁን» ያለ ሰው ነገ ሲሄድ ያ ዕድል አልፏል። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 መጨረሻ ላይ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የሚገባው ሰው ከወትሮው በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። የሰው ልብ በአንድ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ነው? አይመስለኝም። ብዙው ሰው ቤቱ ተቀምጦ «ይለፍ» እያለ ነበር።

ሆስፒታል ሄጄ ቫይረሱን ይዤው ብመለስስ?

ፍርሃቱ አግባብ አለው። እንደ ኮቪድ ያሉ በሽታዎች በተዘጋና ሰው በታጨቀበት ክፍል ውስጥ በአየር ይተላለፋሉ። ያኔ ሁላችንም የበር እጀታ ስንወለውል ከርመን መስኮት መክፈቱን ረስተን ነበር። አሁን እናውቃለን፤ አየሩ ነው ዋናው።

ስለዚህ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ አድርጉ። የሚቻል ከሆነ የቀኑን የመጀመሪያ ቀጠሮ ለምኑ። ደጅ ወይም መኪና ውስጥ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ ጥሩኝ ማለት ይቻላል፤ ብዙ ቦታ ይፈቅዳሉ። አስታማሚ አንድ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ መስኮት ካለ «ይከፈት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ትኩሳትና ሳል አለኝ። ክሊኒኩ ግን «አይምጡ» አለኝ።

«አይምጡ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ «በዚህ በር አይምጡ» ማለታቸው ነው። ለሚያስሉ ሰዎች የተለየ ሰዓት፣ የተለየ መግቢያ ወይም ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። «ታዲያ እንደኔ ያለውን የት ነው የምታዩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይናገሩ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም። በር ላይ ትመለሳላችሁ፤ መጠበቂያ ክፍል ያሉትንም ታጋልጣላችሁ።

ቤት ስትቆዩ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ካላችሁ ይጠቅማል። በኮቪድ ጊዜ ኦክሲጅናቸው ወርዶ ሳለ ብዙም ሳይሰማቸው የሚያወሩ ሕሙማን ነበሩ። ዕረፍት ላይ ሆናችሁ ከ94 በታች እየወረደ ከሄደ ደውሉ። 90 እና ከዚያ በታች ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከመለካታችሁ በፊት እጃችሁን አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፦ ይህ መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ኦክሲጅኑን ካለው በላይ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያው ዝቅተኛ ኦክሲጅንን ሳያሳይ የማለፉ ነገር በጥቁሮች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ትንፋሻችሁ ካጠረ ትንፋሻችሁን እመኑ።

የስኳርና የግፊት ክትትሌ ተቋርጧል። እስኪከፈት ልጠብቅ?

ክትትሉ ሊዘገይ ይችላል፣ መድኃኒቱ ግን መቋረጥ የለበትም። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደውሉ፤ ባለቀ ማግስት አይደለም። የብዙ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁኔታቸው የተረጋጋ የኤችአይቪ ታካሚዎች ከወረርሽኙ በፊትም የሦስትና የስድስት ወር መድኃኒት እየወሰዱ ይሄዱ ነበር።

ግፊት ቤት ስትለኩ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። የአንድ ሳምንት ዝርዝር ይዞ የደወለ ሰው ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ቀጠሮ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሳልና የሌሊት ላብ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ ሁሉንም በወረርሽኙ አታሳብቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 7.1 ሚሊዮን አዲስ የቲቢ ሕሙማን ተመርምረው ተገኝተው ነበር። በ2020 ቁጥሩ ወደ 5.8 ሚሊዮን ወረደ። በሽታው ቀንሶ አይደለም፤ የሚመረምር ጠፍቶ ነው። በዚያው ዓመት በቲቢ የሚሞተው ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ሲቀንስ ቆይቶ ጨመረ።

የልጄ የክትባት ቀን አለፈ። ነፍሰ ጡርም ነኝ።

ክትባቱ በአብዛኛው እንደ አዲስ አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርዱን ይዛችሁ ቶሎ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 23 ሚሊዮን ሕፃናት መሠረታዊ ክትባት አምልጧቸዋል። ኩፍኝ ደግሞ ወረርሽኝ አለ ብሎ አይጠብቅም።

ለእርግዝና የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ ስምንት ክትትል ነው። አንዳንዱ በስልክ ሊሆን ይችላል። ግፊት መለካት፣ ሽንትና ደም መመርመር፣ የፅንሱን እድገት ማየት ግን በአካል ነው። ደም ካየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

ቀዶ ሕክምናዬ ሦስት ጊዜ ተራዘመ።

ብቻዎን አይደሉም ማለት አያጽናናም፣ ግን እውነት ነው። ተመራማሪዎች ባወጡት ግምት ወረርሽኙ በከፋባቸው 12 ሳምንታት ብቻ በዓለም ላይ ከ28 ሚሊዮን በላይ በቀጠሮ የሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች ተሰርዘዋል ወይም ተራዝመዋል። ዝርዝሩ ላይ ስማችሁ የተጻፈው በዚያን ጊዜ በነበራችሁበት ሁኔታ ነው። ሕመሙ ከባሰ፣ ሥራ ካስተዋችሁ፣ በየቀኑ ማስታገሻ ከጀመራችሁ ደውላችሁ ተናገሩ፤ ደረጃው እንደገና ይታያል። «ሰው ድንገት ቢቀር በአጭር ማስታወቂያ መምጣት እችላለሁ» ማለትም ይሠራል። እንዲህ ተብሎ ቀኑ በወር የቀደመለት ሰው አውቃለሁ።

እናቴ ስማርት ስልክ የላትም፣ ጆሮዋም ይከብዳል።

ይህን ቀጠሮ ሲያዝ ተናገሩ። መስማት የማይችል ሰው በስልክ አይታከምም፤ በአካል ለመታየት በቂ ምክንያት ነው። የእናንተን ቁጥር መዝገቧ ላይ እንዲጽፉ፣ እሷም ፈቃዷን በራሷ አንደበት እንድትሰጥ አድርጉ። አለበለዚያ «ከእርስዎ ጋር ስለ እሷ ማውራት አንችልም» ትባላላችሁ።

በመጨረሻ ቀጠሮ አገኘሁ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው አሉኝ።

በጣም ያሳሰባችሁን መጀመሪያ ተናገሩ። ሰው ይሉኝታ ይዞት ስለ ጉልበቱ ያወራና በሩን ሊከፍት ሲል «ለነገሩ ጡቴ ላይ አንድ ነገር አለ» ይላል። በዚያን ጊዜ ቀጣዩ ታካሚ ቆሞ ነው። መድኃኒቶቻችሁን በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፣ ለመመርመር የሚመች ልብስ ልበሱ። ሐሳብ ቀይራችሁ ከቀራችሁ ደግሞ ደውላችሁ አሳውቁ፤ ያ ሰዓት ለሌላ ይሰጣል። ከሄዳችሁ ግን ቀጣዩን ቀጠሮ እዚያው ሳላችሁ፣ ከክፍሉ ሳትወጡ አስይዙ። ቤት ገብታችሁ ልደውል ካላችሁ እንደገና ከተያዘው መስመር ትጀምራላችሁ።